ያገለገለ መኪና ከዲለር ስንገዛ የምንጎዳው የት ላይ ነው?

ያገለገለ መኪና ልንገዛ ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማይሉን ነው። ቀጥሎ ሞተሩን እናስነሳለን፣ ጎማውን እናያለን፣ መኪና የሚያውቅ ዘመድ ካለም ይዘን እንሄዳለን። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ መቅረት የለበትም። ግን አሜሪካ ውስጥ ከዲለር መኪና ገዝተው የተጎዱ ወገኖቻችን ሲያወሩ ልብ ብላችሁ ስሙ። ብዙው ጉዳት የደረሰው ኮፈኑ ስር አይደለም። ዋጋው ካለቀ በኋላ፣ ሰው ደክሞት ቁልፉን ብቻ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ፋይናንስ ቢሮ ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ነው።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ብዙ ሐበሻ መኪና የእንጀራ ጉዳይ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚሠራው፣ የማታ ሺፍት የሚገባው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በእሱ ነው። በቅርብ የመጣ ሰው ደግሞ የክሬዲት ታሪክ የለውም፣ እንግሊዝኛውም ገና ነው፣ መኪናውን ግን ለነገ ይፈልገዋል። ይህን ጽሑፍ በተለይ ለእሱ ብዬ ነው የምጽፈው። ብዙ ዓመት ለኖረውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረውም ሰው ያንኑ ወረቀት ሳያነብ ሲፈርም አይቻለሁና።

«ሕግ አለ» ብሎ መተማመን

«አሜሪካ እኮ ሕግ ያለበት አገር ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ ሕግ አለ። ነገር ግን በመኪና ሽያጭ ላይ ሕጉ ገዢውን የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ነው። ከፈረመ በኋላ የሚቀረው መብት ትንሽ ነው።

የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍ.ቲ.ሲ. የሚባለው፣ በዲሴምበር 2023 ለመኪና ሻጮች አዲስ ደንብ አጽድቆ ነበር። ዲለሮች የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ ከመጀመሪያው በግልጽ እንዲናገሩ፣ ለገዢው ምንም የማይጠቅም ነገር እንዳይሸጡ፣ ገዢው ዐውቆ ሳይስማማ ክፍያ እንዳይጨምሩ የሚያስገድድ ነበር። ኮሚሽኑ ደንቡ ሸማቹን በዓመት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያድነዋል ብሎ ገምቶ ነበር። የዲለሮች ማኅበራት ከሰሱ። ኒው ኦርሊንስ ያለው የአምስተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2025 ደንቡን ሰረዘው። የሰረዘው ይዘቱን ነቅፎ አይደለም፤ ኮሚሽኑ ደንቡን ሲያወጣ ማለፍ የነበረበትን ሥርዓት ዘሏል ብሎ ነው። ለገዢው ግን ለውጥ የለውም። ደንቡ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ቀረ።

ካሊፎርኒያ በኋላ የራሷን ሕግ አወጣች። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በኦክቶበር 2025 የፈረሙት ይህ ሕግ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲሠራ የወጣ ነው። ዋጋው ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ያገለገለ መኪና ከዲለር የገዛ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይፈቅድለታል። የማይል ገደብና የመመለሻ ክፍያ ግን አለው። በእኔ አስተያየት ሌሎችም ስቴቶች ይህን ማድረግ ነበረባቸው። አብዛኞቹ ግን አላደረጉም።

እዚህ ላይ በመካከላችን በጣም የተሰራጨ አንድ ስሕተት አለ። ከካሊፎርኒያ ውጭም ቢሆን «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» ይባላል። አይቻልም። ሦስት ቀን የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ የወጣው ቤት ለቤት ለሚዞሩ፣ ወይም ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። በእግርዎ ሄደው ዲለሩ ቢሮ ውስጥ ለገዙት መኪና አይሠራም። እንደ ካርቫና ያለው ኩባንያ 7 ቀን ይሰጣል፤ ያ ግን በራሱ ፈቃድ የገባው ቃል ነው። ሌላ ዲለርም «መመለስ ይችላሉ» ካለዎት የተጻፈበትን ወረቀት ያሳይዎት።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

በዓመት ከአምስት በላይ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር ሁሉ እያንዳንዱ መኪና ላይ «ባየርስ ጋይድ» የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት። ይህ የኤፍ.ቲ.ሲ. ደንብ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ የራሳቸው ተመሳሳይ ደንብ ያላቸው ሜይንና ዊስኮንሲን ብቻ ናቸው ከእሱ ውጭ የሆኑት። ብዙ ሰው ወረቀቱን የዋጋ ማስታወቂያ ይመስለውና ያልፈዋል። እኔ ግን ከመኪናው ቀለም በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው እላለሁ።

ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። «አዝ ኢዝ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ ዲለሩ ምንም ዋስትና አልሰጠዎትም ማለት ነው። ከግቢው ወጥተው ቤልትዌይ ላይ ካምቢዮው ቢበጠስ ወጪው የእርስዎ ነው። «ዋራንቲ» የሚለው ላይ ምልክት ካለ ደግሞ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚሸፈኑ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ዲለሩ ከወጪው ስንት ፐርሰንት እንደሚከፍል እዚያው መጻፍ አለበት። «ሃምሳ ሃምሳ እንካፈላለን» ብሎ በአፍ መናገር ዋጋ የለውም።

በዚህ ጉዳይ የምንኖርበት ስቴት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ዲለር ከ6 ዓመት በላይ ያረጀና ከ60 ሺህ ማይል በላይ የሄደ መኪና ካልሆነ በቀር «አዝ ኢዝ» ብሎ መሸጥ አይችልም። ዲሲም ዲለሮችን ይከለክላል። ቨርጂኒያ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መኪና ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛውና አሌክሳንድሪያ የገዛው ሰው፣ ሞተሩ በሳምንቱ ቢያስቸግር፣ እኩል መብት የላቸውም። ወንዙን ተሻግሮ 500 ዶላር ረከሰልኝ ብሎ የገዛ ሰው ይህንንም ማስላት አለበት።

ወረቀቱ የሽያጩ ውል አካል ነው። ውሉ ላይ የሚቃረን ነገር ቢኖር እንኳ የሚጸናው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ዲለሩ «ፍሬኑን እቀይርልሃለሁ»፣ «ሁለተኛ ቁልፍ እሰጥሃለሁ» ካለ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፍና ይፈርምበት። ወረቀቱ ራሱ በአፍ የተገባ ቃልን ማስፈጸም አስቸጋሪ መሆኑን ይናገራል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ዲለሩ ይህን ወረቀት በስፓኒሽ መስጠት አለበት። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። በዚህ አካባቢ ብዙ ዲለሮች ሐበሻ ሻጭ አላቸው። ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ከልባቸው ነው የሚረዱት። ነገር ግን «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» ብሎ በአማርኛ የነገረን ሁሉ ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ ከሌለ በሕግ ዓይን አልተነገረም። ከዚያም በላይ ብድሩን የሚጨርሰው እሱ አይደለም። ወለዱንም ተጨማሪውንም የሚወስነው ሌላ ክፍል ያለ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ሻጩን «ወንድሜ፣ ይህን ጻፍልኝ» ማለት ነውር አይደለም። እውነተኛ ከሆነ ይጽፍልዎታል። አንብቦ የሚያስረዳ ልጅ፣ እህት ወይም ጓደኛ ይዞ መሄድም መኪና የሚያውቅ ሰው ይዞ ከመሄድ ባልተናነሰ ይጠቅማል። ማንም ከሌለ ያልተፈረመውን ወረቀት ፎቶ አንስተው ቤት ያስነብቡ። ፎቶ ማንሳት የሚከለክል ዲለር ካጋጠመዎት መውጫውን ያውቁታል።

መኪናውን ስለማየት

ይህንን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለሆነ። እያንዳንዱ መኪና 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ቪን አለው። የሾፌሩ በር ማዕዘን ላይና ከፊት መስታወቱ ስር ይገኛል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በዚህ ቁጥር ሦስት ነገር ይመረምራሉ። ካርፋክስ ወይም አውቶቼክ የጥገናና የአደጋ ታሪኩን ያሳያሉ። ኢንሹራንሶችና የስብርባሪ መኪና ነጋዴዎች በሕግ ሪፖርት የሚያደርጉበት የፌዴራል የታይትል፣ ማለትም የመኪና ባለቤትነት ወረቀት፣ መዝገብ አለ፤ በጥቂት ዶላር ይታያል። የተሰረቀና በኢንሹራንስ «ሰልቬጅ»፣ ማለትም መጠገኑ አያዋጣም፣ የተባለ መኪናን ደግሞ የኢንሹራንሶች የወንጀል መከላከያ ቢሮ ቪን ቼክ በነጻ ይናገራል። ካርፋክስ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ መኪናው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በጥሬ ገንዘብ ሰፈር ውስጥ የተጠገነ አደጋ እዚያ አይታይም።

የጎርፍ መኪና ጉዳይ ግን ትንሽ ቆም ያሰኛል። በሴፕቴምበርና ኦክቶበር 2024 ሄሊንና ሚልተን የተባሉት ማዕበሎች ደቡብ ምሥራቁን ሲመቱ እጅግ ብዙ መኪና ውኃ ውስጥ ሰጥሟል። እንዲህ ያለ መኪና ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ወደ ሌላ ስቴት ይጫናል። አንዳንዱ ሲሻገር ታይትሉ ላይ ያለው የጎርፍ ምልክት ይጠፋል። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትተው ይዩት፤ ጭቃ ወይም የውኃ መስመር ሊኖረው ይችላል። ፖርታባጋሊውን ከፍተው ከስኮርታው ስር ይዳስሱ። የመቀመጫው ብሎኖች ዝገው እንደሆነ ይዩ። ሽቶ የተርከፈከፈበት መኪና ለምን እንደተርከፈከፈ ይጠይቁ።

የራስዎ መካኒክ ሳያየው አይግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ነው የሚያስከፍሉት። ዲለሩ ራሱ «ባለ 150 ነጥብ ምርመራ አድርገናል» የሚለው ለእርስዎ የተደረገ ምርመራ አይደለም። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሲሰካ ስለ መብራቱ ብቻ ሳይሆን ኮዶቹ በቅርቡ ተሰርዘው እንደሆነም ይይልዎት። «ቼክ ኢንጂን» መብራትን ለአንድ ቀን ማጥፋት ቀላል ነው። ሲጠፋ ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች «አልተጠናቀቀም» ብለው ይቀራሉ፤ መካኒክ ያንን ያነባል።

ሪኮልን፣ ማለትም ጉድለት ተገኝቶበት እንዲጠገን የሚወጣ ጥሪን፣ በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኪራይ ኩባንያ ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን መኪና ማከራየት ከ2016 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ዲለር ግን ያገለገለ መኪና ከነሪኮሉ ቢሸጥ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 በላይ ሰው ገድለዋል፤ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች እንዲመለሱ ታዟል። ከእነዚህ ውስጥ ያልተቀየሩ ዛሬም መንገድ ላይ አሉ። የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ኤን.ኤች.ቲ.ኤስ.ኤ.፣ ድረ ገጽ ላይ ቪኑን አስገብቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጥገናው የዚያ ብራንድ ዲለር ዘንድ በነጻ ነው።

ለኡበር ብለው ፕሪየስ ወይም ሌላ ሃይብሪድ ቶዮታ የሚገዙ ደግሞ ስለ ትልቁ ባትሪ ይጠይቁ። የቶዮታ የሃይብሪድ ባትሪ ዋስትና ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው። ከዚያ በፊት ላሉት በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነበር። ዋስትናው የሚቆጠረው መኪናው አዲስ ሆኖ ከተሸጠበት ቀን ነው፤ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ኢንሹራንስዎንም ቪኑን ይዘው አስቀድመው ስንት እንደሚያስከፍሉዎት ይጠይቁ። ከ2011 እስከ 2022 ከተሠሩት ብዙዎቹ ኪያና ሂዩንዳይ መኪኖች በቁልፍ የሚነሡት ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ) ስለሌላቸው ሌባ በዝቶባቸው ነበር፤ አንዳንድ ኢንሹራንስ በዚህ ምክንያት ዋጋ ጨምሯል።

ፋይናንስ ቢሮው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሻጩ ገና ሲቀበልዎት «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ይላል። ጥያቄው የአሳቢ ሰው ጥያቄ ይመስላል። ልብ ይበሉ፣ ይህን ቁጥር ከተናገሩ በኋላ ድርድሩ አብቅቷል። ወርሃዊውን ሳይነኩ ዋጋውን፣ ወለዱንና ዘመኑን እንደፈለጉ መለጠጥ ይችላሉ።

በቁጥር እንየው። 18 ሺህ ዶላር ተበደርን እንበል። በ9 ፐርሰንት ወለድ ለ60 ወር ከሆነ ወርሃዊው ወደ 374 ዶላር ነው። በመጨረሻ በድምሩ የምንከፍለው ወደ 22,400 ዶላር ይሆናል። አሁን ያንኑ 18 ሺህ በ14 ፐርሰንት ለ72 ወር እናድርገው። ወርሃዊው ወደ 371 ዶላር ይወርዳል። ሦስት ዶላር ቀነሰልን ብለን ደስ ይለናል። ጠቅላላው ግን ወደ 26,700 ዶላር ወጣ። ከ4,200 ዶላር በላይ ጨመርን፣ ያውም ዕዳው አንድ ዓመት ረዘመ። መኪናው አንድ ነው፤ ወርሃዊውም ያው ነው ሊባል ይችላል። ገንዘቡ የሄደው ወረቀቱ ላይ ነው።

ታዲያ 14 ፐርሰንቱ ከየት መጣ? አንዳንዴ ከክሬዲታችን ነው። አንዳንዴ ግን ከዲለሩ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲለሩ ማመልከቻችንን ለባንኮች ይልካል። አንዱ ባንክ «ለዚህ ሰው በ7 ፐርሰንት እሰጣለሁ» ይላል። ዲለሩ ለእኛ «9 ፐርሰንት ተፈቅዶልሃል» ይለናል። የልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ለዲለሩ ይገባል። ይህ አሠራር ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ባንኮች ግን ጭማሪው ከ2 ወይም ከ2.5 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይወስኑታል። ዲለሩ የመጀመሪያውን ቁጥር የመናገር ግዴታ የለበትም። እኔ በበኩሌ ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ሰው ስለ ራሱ ክሬዲት የተሰጠውን ዋጋ የማወቅ መብት ሊኖረው ይገባል። እስከዚያው ያለን መከላከያ አንድ ነው፤ ዲለር ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን ብድር አስፈቅዶ መሄድ።

ክሬዲት ዩኒየንን አዘውትሬ የምመክረው በምክንያት ነው። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በአሁኑ ወቅት ከ18 ፐርሰንት በላይ ወለድ እንዳያስከፍሉ ገደብ አለባቸው። ትርፋቸው የአባላቱ ነው። ፍቃዱን ይዘው ሲሄዱ ዲለሩ ከእሱ ያነሰ ካመጣ ደስ ብሎዎት ይቀበሉ፤ ካላመጣ የያዙት አለዎት። «ብዙ ቦታ ካመለከትኩ ክሬዲቴ ይወርዳል» የሚለው ፍርሃት አያስቀርዎት። በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች ለነጥብዎ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት።

ስለዚህ መጀመሪያ የመኪናውን ዋጋ ብቻ ይጨርሱ። ታክስ፣ ታርጋና የዲለሩ ወረቀት ማስጨረሻ ክፍያ ተደምሮ ከግቢው እስኪወጣ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ያምጡ። አሮጌ መኪና የሚሰጡ ከሆነ የእሱ ዋጋ ለብቻው ይነገር። ብድሩ ከሁሉም በኋላ ይምጣ። ሦስቱን አንድ ላይ ካደባለቋቸው በአንዱ የሰጡዎትን በሌላው ይወስዱታል። አሮጌው መኪና ዕዳ ካለበት ደግሞ «እኛ እንዘጋልሃለን» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይስሙት። ብዙ ጊዜ ዕዳው አይጠፋም፤ አዲሱ ብድር ላይ ይጨመራል።

የመጨረሻው ውል ላይ በሕግ መውጣት ያለባቸው አራት ቁጥሮች አሉ። ዓመታዊው ወለድ፣ በዶላር የሚከፈለው ወለድ፣ የተበደሩት መጠን፣ የክፍያዎቹ ጠቅላላ ድምር። ሌላ ሁሉ ባይነበብ እነዚህ ይነበቡ። በተለይ የተበደሩት መጠን ከተስማሙበት ዋጋ በላይ ከሆነ እዚያ ውስጥ የገባ ነገር አለ ማለት ነው።

የሚገባውም ነገር የታወቀ ነው። ተራዛሚ ዋስትና፣ ጋፕ ኢንሹራንስ፣ የጎማ ጥበቃ፣ መስታወቱ ላይ ቪን መቅረጽ፣ የወንበር ቅባት። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ጋፕ ለምሳሌ ትንሽ ቅድሚያ ከፍሎ ብዙ ለተበደረ ሰው ይጠቅማል፤ መኪናው ቢጠፋ ኢንሹራንስ የሚከፍለውና የቀረው ዕዳ ስለማይገናኙ። ግን ከራስዎ ኢንሹራንስ ወይም ክሬዲት ዩኒየን በብዙ ያነሰ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። «ይህን ካልገዙ ባንኩ አያበድርም» ከተባሉ ያንን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ወይም እዚያው ሆነው ለባንኩ ይደውሉ። ብዙውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

የኡበርና የሊፍት ሾፌር ወንድሞቼና እህቶቼ በተለይ ይህን ያድምጡኝ። ብዙዎቹ የተራዛሚ ዋስትና ውሎች መኪናው ለንግድ ሥራ ከዋለ አይከፍሉም። 3 ሺህ ዶላር ከፍለው የገዙት ዋስትና ካምቢዮው ሲበላሽ «ኡበር ሠርተህበታል» ተብሎ ሊቀር ይችላል። ሻጩ «ችግር የለም» ቢልም ውሉ ውስጥ የማይሸፈኑት የተዘረዘሩበትን ገጽ ይክፈቱ። አስቀድመው የገዙም ካሉ አብዛኛው ዋስትና መሰረዝ ይችላል፤ ካልተጠቀሙበት ዘመን የሚመለስ ገንዘብ አለ። ብድሩን ቀድመው የዘጉ ሰዎች ይህን ገንዘብ ሳይጠይቁ ነው የሚቀሩት።

መኪናው ቤት ከገባ በኋላ የሚመጣው ስልክ

ይህ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። ዓርብ ማታ መኪናውን ይዘው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ስልክ ይደወላል፤ «ብድሩ አልተሳካም፣ መጥተህ አዲስ ወረቀት ፈርም» ይባላል። አዲሱ ወረቀት ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ ወይም ተጨማሪ 1,500 ዶላር ይጠይቃል። ሰውየው መኪናውን ለጎረቤት አሳይቷል፣ ሥራ ጀምሮበታል፣ አሮጌ መኪናውንም ሰጥቷል። እንቢ ማለት ይከብደዋል። ሻጩም ይህን ያውቃል።

መከላከያው ብድሩ በእርግጥ እስኪያልቅ መኪናውን አለመውሰድ ነው። ስልኩ ከመጣም በዚያው ቀን ምንም አይፈርሙ። የቨርጂኒያ ሕግ በግዢ ትዕዛዙ ወረቀት ላይ፣ ብድሩ በተስማሙበት ሁኔታ ካልጸደቀ ገዢው ሽያጩን መሰረዝ እንደሚችልና ቅድሚያ ክፍያውና የሰጠው መኪና እንደሚመለስለት እንዲጻፍ ያስገድዳል። ያንን አንቀጽ ፈልገው ጣትዎን ያሳርፉበት። አማራጭዎ «ወይ አዲሱን ፈርም፣ ወይ ገንዘብህ ይቅር» አይደለም።

ክሬዲት የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመራው ራሱ ዲለሩ የሚያበድርበት ቦታ ነው፤ «እዚሁ ግዛ፣ እዚሁ ክፈል» የሚባለው። ማንንም አይመልሱም። ወለዱ ግን ስቴቱ የፈቀደው ጣሪያ አካባቢ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ ጂ.ፒ.ኤስ. እና ሞተር የሚያጠፋ መሣሪያ ይገጥማሉ። ክፍያ ካለፈ አብዛኛው ስቴት ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መኪናውን መውሰድ ይችላሉ፤ ሸጠውት ያልሞላውን ቀሪ ዕዳም ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በሰዓቱ የከፈልነውን ለክሬዲት ቢሮዎች አይልኩትም። ሌላ ምርጫ ከጠፋና ከገዙ ቢያንስ ይህንን ይጠይቁ፤ ሁለት ዓመት በታማኝነት ከፍሎ ክሬዲት አለመገንባት ያሳዝናል።

ኮሳይን ስለማድረግም፣ ማለትም ለሌላ ሰው ብድር አብሮ ስለመፈረም፣ እናውራ። አዲስ የመጣ ዘመድ ሲቸገር እምቢ ማለት በባህላችን ይከብዳል። የሚፈርም ሰው ግን ምስክር አይደለም፤ ተበዳሪ ነው። ዘመዱ መክፈል ቢያቆም ባንኩ በቀጥታ ወደ እሱ ይመጣል፣ ክሬዲቱም አብሮ ይወርዳል። ታይትሉ ላይ ስሙ ከሌለ ደግሞ በመኪናው ላይ ምንም መብት የለውም። የሚችል ሰው ኮሳይን ከማድረግ ይልቅ ለዘመዱ ቅድሚያ ክፍያውን ቢጨምርለት ይሻላል እላለሁ። የሚያጡት ገንዘብ ቢያንስ መጠኑ ይታወቃል።

ነገሩ ከተበላሸ

መጀመሪያ፣ ተናደው ወርሃዊ ክፍያውን አያቁሙ። መኪናው ይወሰዳል፣ ክርክሩም ይበላሻል። ወረቀቱን፣ ማስታወቂያውን፣ የጽሑፍ መልእክቱን ሁሉ ያስቀምጡ። ችግሩን ለዲለሩ በኢሜይል ይጻፉለት፤ ስልክ ማስረጃ አይሆንም።

ብድሩን ዲለሩ ለባንክ ሸጦት ከሆነ ውሉን በደንብ ይመልከቱት። ከ1976 ጀምሮ በሚሠራ የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ዲለሩ ላይ ያለዎትን አቤቱታ ውሉን የያዘው ባንክም ላይ ማንሳት እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስታወቂያ መኖር አለበት። ዲለሩ ዘግቶ ቢጠፋ እንኳ ይህ ይቀራል። ውሉ ውስጥ «አርቢትሬሽን» (ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ በገላጋይ መጨረስ) የሚል ገጽ ካለ ፍርድ ቤት የመሄድ መብትዎን የሚነካ ነው፤ አንዳንዱ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አልቀበልም ለማለት ይፈቅዳል።

ለአነስተኛ ክርክር ጠበቃ የማያስፈልግበት ፍርድ ቤት አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 5 ሺህ ዶላር፣ ዲሲ ውስጥ እስከ 10 ሺህ ዶላር ድረስ ያያል። ቨርጂኒያ ዲለሮችን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ቦርድ አላት፤ በማጭበርበር ለተጎዳና ፍርድ ላገኘ ገዢ የሚከፍል ፈንድም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ የተሽከርካሪ አስተዳደሩና የዋና ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ ይቀበላሉ።

ዲሲ ውስጥ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አለ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ሲደውሉ «አምሃሪክ» ይበሉ። አስተርጓሚው መስመሩ ላይ እስኪመጣ ይጠብቁ፣ ከዚያ ጉዳዩን ከመጀመሪያው፣ መስኮቱ ላይ ከነበረው ወረቀት ጀምረው ይንገሩ።